አራተኛው ፊርማ

ሐሙስ

የነባሩ ዕድር ሰብሳቢ ጋሽ ማሞ ዛሬ ጠዋት የዕድራቸውን መዝገብ አመጡልኝ። የገበሬዎቹ መሬት ለቤት ማኅበራት ከተወሰደ ወዲህ ዕድርተኛው ተበታትኗል፤ የቀሩት ጥቂቶች ከእኛ ከአዲስ ነዋሪዎቹ ዕድር ጋር ሊቀላቀሉ ነው። ጸሐፊዋ እኔ ነኝና ስሞቹን የምገለብጠው እኔ ነኝ። በየአባሉ ስም ሥር፣ ቢሞቱ ዕድሩ ድንኳን የሚተክልላቸው ቤተሰቦች ተዘርዝረዋል።

አስካለ ላይ ደረስኩ። ሰፈራችን ጥግ፣ ጭቃ ቤቷ ውስጥ አረቄ የምትሸጠዋ ሴትዮ። ከስሟ ሥር ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፦ ልጅ፣ ጌታሁን ወርቅነህ። የአያቱም ስም ተጽፏል።

ባሌ ነው።

እናቴ የሞተችው በሕፃንነቴ ነው ያለኝ ባሌ። ለሽምግልና አጎቱን ከአንኮበር ያስመጣው ባሌ። እኔ ጅሏ በየዓመቱ ለነፍሷ ሻማ አበራለሁ! የቤት ዕጣችን እዚህ ሲወጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር፤ ከከተማ ስለራቀ መስሎኝ።

ዓርብ

ክፍል ገብቼ ስለ እኩልነት አስተማርኩ። የዜግነት አስተማሪ ነኝ እኮ። ልቤ ግን ደብዳቤው ላይ ነበር። የሴትዮዋ ቤት እንዲነሳ ከቤት ማኅበራችን ለማዘጋጃ ቤት የሚገባውን ደብዳቤ ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። "የሰፈሩን ገጽታ ያበላሸ፣ መንገዱን ያጠበበ" ብዬ። ሁሉም አማርኛዬን አድንቀውልኛል።

ስመለስ ፋይሉን አወጣሁት። የጌታሁን ፊርማ አራተኛው ነው። ጥርት ያለ ፊርማ።

ጋሽ ማሞን መንገድ ላይ አግኝቼ ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኳቸው። እኛማ ታውቂያለሽ ብለን ነው አሉኝ። ከባሌ ጋር አብሬ የናቅኳት መስሏቸዋል። አራት ዓመት ሙሉ በበሯ ሳልፍ እንዴት ያዩኝ እንደነበር ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ለጌታሁን ራት አቀረብኩለት። ጨው በዝቷል አለ።

ቅዳሜ

ልጆቻችንን ጫጫ ከተማ ያለችው እህቴ ጋ ልኬ ሄድኩ። እትዬ አስካለ በራቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ገብስ ይለቅማሉ። ከእንግዲህ ሴትዮዋ ማለት አይሆንልኝም።

መዝገቡ ላይ ያየሁትን ነገርኳቸው። አልደነገጡም።

"እሱን አትቆጪው፣ ልጄ። ሞታለች በል ያልኩት እኔ ነኝ። አባትሽ ዳኛ እንደሆኑ ሲነግረኝ፣ ለአረቄ ሻጭ ልጅ ልጃቸውን አይሰጡም ብዬ ነው።"

ንዴቴ መሄጃ አጣ። እዚያው ብተወው ምን ነበረበት?

"ደብዳቤው ላይ ፈርም ያሉትስ እርስዎ ነዎት?" አልኳቸው።

"የምን ደብዳቤ?"

አያውቁም ነበር። ቤታቸው ሊፈርስ እንደሆነም፣ ልጃቸው እንደፈረመም ከእኔ ሰሙ። መልቀማቸውን አላቆሙም፤ ግን ደህናውን ገብስ ከእንክርዳዱ ጋር አብረው ይጥሉ ነበር። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ መሆኔን አልነገርኳቸውም። ፈራሁ። ይህን እዚህ ብቻ ነው የምጽፈው።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን መዝገቡን ጌታሁን ፊት ዘረጋሁት። መጀመሪያ ተቆጣ፤ የሰው መዝገብ ውስጥ ምን አገባሽ ብሎ። ቀጥሎ፣ ሁሉም ሲፈርም እኔ ብቀር ለምን ይሉኝ ነበር አለ። ከዚያ አለቀሰ። አላዘንኩለትም።

"እናትህ፣ አንተ ብትሞት ሜዳ ላይ እንዳትቀር ብለው እስከ ዛሬ ስምህን አልሰረዙም" አልኩት። "አንተ ግን በቁማቸው ቀበርካቸው።"

ከሰዓት የማኅበራችን ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ ደብዳቤውን ማርቀቄ ስህተት ነበር፣ ስሜን አውጡልኝ አልኩ። ሊቀመንበሩ፣ አንድ ሰው ስለወጣ የሚቀር ነገር የለም፣ ደብዳቤው ረቡዕ ይገባል አሉ። ጌታሁን አጠገቤ ተቀምጦ ጫማውን ያያል።

ሰኞ

ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ጌታሁን ውርጩ ሳይለቅ ወጣ፤ መኪናውን ግን አላስነሳም። በመስኮት ተከተልኩት። እትዬ አስካለ በር ላይ ቆሞ አንኳኳ። ጎረቤቶቻችን ወደ ሥራ የሚወጡበት ሰዓት ነው።

"እማዬ" አለ። ድምፁ እኔ ጋ ደረሰ። ሊቀመንበሩም በራቸውን እየቆለፉ ነበር፤ ቁልፉን እንደያዙ ቀሩ።

በሩ አልተከፈተም። ከጣሪያው ጭስ ይወጣል፤ ውስጥ ናቸው። ላማልደው ጫማዬን አደረግኩ፣ ከዚያ መልሼ አወለቅኩት። እኔም የማንኳኳበት ቀን ይመጣል። ዛሬ ግን የፈረመው ይቁም።

ሦስት ሰዓት ሆነ። አሁንም እዚያው ነው። አልከፈቱለትም።