በሩን ሁሉ ያንኳኩት የታልቦት ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ፦ የወይዘሮ ኤድና ስፖፎርድ ቤሚስ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ኤድና ስፖፎርድ ቤሚስ ከአባታቸው ከአቶ ሆሬስ ስፖፎርድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦሊቭ ዋይት፣ በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት በታልቦት ከተማ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 1941 በአባታቸው እርሻ ቤት ተወለዱ። በዕለቱ በረዶ መንገዱን ዘግቶት ስለነበር ሐኪሙ የደረሰው ሕፃኗ ታጥባ ከተኛች በኋላ ነው። ሰው ሳይጠብቁ ቀድሞ መገኘት እስከ መጨረሻው ልማዳቸው ሆነ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በታልቦት ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ደረጃን በጎረቤት ከተማ ተከታትለው በ1959 ካጠናቀቁ በኋላ፣ በከተማው የሱፍ ፋብሪካ ጽሕፈት ቤት ፋብሪካው እስከተዘጋበት እስከ 1974 ድረስ ሠርተዋል። በ1962 የከተማውን መንገዶች በረዶ ይጠርጉ ከነበሩት ከአቶ ሮላንድ ቤሚስ ጋር ጋብቻ መሥርተው ዳያንንና ግሌንን አፍርተዋል። አቶ ሮላንድ «የእነ ኤድናን ደጅ ስጠርግ በመስኮት ብቅ ብላ ‹ግራውን ዘለልከው!› አለችኝ፤ ዝም የማሰኝበት ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ አገባኋት» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ዝም ግን አላሰኟቸውም።

በ1978 የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ሆነው ተመረጡ፤ ሠላሳ ስድስት ዓመትም አገለገሉ። በእነዚያ ዓመታት የታልቦት ሰው ሲወለድም፣ ሲያገባም፣ ውሻ ሲያስመዘግብም በእሳቸው እጅ አልፏል።

ፋብሪካው ሲዘጋ ይከፍለው የነበረው ግብር በነዋሪው ቤትና መሬት ላይ ወደቀ። እናታቸው ወይዘሮ ኦሊቭ በዚያን ጊዜ ባላቸው ሞቶባቸው እርሻውን ብቻቸውን ይዘው ነበር። «አባታችሁ ይህን ቤት አንዴ ከባንክ ገዛው፤ እኔ ደግሞ በየዓመቱ ከከተማው እየገዛሁት ነው» ይሉ ነበር። በ1980 የክፍለ ግዛቱ ሕዝብ፣ አንድ ከተማ የሚሰበስበው የቤትና የመሬት ግብር በዓመት ከሁለት ከግማሽ በመቶ በላይ እንዳያድግ የሚገድብ ሕግ ሲቀርብለት፣ ወይዘሮ ኤድናና ይህን ታሪክ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው አልደን ሕጉን ደግፈው በየመንደሩ ዞሩ። ሕጉ ጸደቀ፤ እናታቸውም በ1991 እስኪያርፉ ከቤታቸው ሳይነቀሉ ኖሩ። በዚህ ወይዘሮ ኤድና አንድ ቀን ተጸጽተው አያውቁም።

ነገር ግን የመንገድ ጨው፣ የማሞቂያ ዘይትና የመምህራን ደመወዝ ሁለት ከግማሽ በመቶን አልጠበቁም። መጀመሪያ ቤተ መጻሕፍቱ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ መከፈት ጀመረ። ቀጥሎ የመንገድ ሠራተኞች ተቀነሱ። በ2009 ተራው የታልቦት ትምህርት ቤት ሆነ፤ ከተማው ከገደቡ በላይ ግብር ለመክፈል ካልፈቀደ ሃምሳ ስምንቱ ሕፃናት በየቀኑ አርባ ደቂቃ በአውቶቡስ ወደ ሌላ ከተማ ሊሄዱ ነው። ወይዘሮ ኤድና ያን ጊዜ ስለ ሕጉ ሲጠየቁ «የደገፍኩት እናቴ ቤቷን እንዳታጣ ነው። ከተማው ልጆቹን እንዲያጣ ብዬ አይደለም» ብለው መለሱ። አልደን ግን ገደብ ገደብ ነው ብሎ «አይሆንም» የሚል ሰሌዳ ደጁ ላይ ተከለ።

በግንቦት የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ እንደ ወትሮው፣ የከተማው ሰው በአዳራሹ ተሰበሰበ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ያዘጋጁትን ባቄላና ኬክ በልቶ፣ ሲከራከር ውሎ፣ 141 ለ38 በሆነ ድምፅ እጁን አውጥቶ ለትምህርት ቤቱ ፈቀደ። ሕጉ ግን ከአዳራሹ ሌላ በድምፅ መስጫ ሣጥንም እንዲወሰን ያዛል። በታልቦት ከሁለት መቶ ዓመት ጀምሮ በአዳራሹ እጅ የወጣበት ነገር ያለቀለት ነገር ነው፤ ስለዚህ የሣጥኑ ድምፅ በሚሰጥበት ሰኞ ዕለት አብዛኛው ሰው ቤቱ ቀረ። ትምህርት ቤቱ በአሥራ አንድ ድምፅ ተሸነፈ። በማግስቱ ላም አርቢው አቶ ላይማን ሆይት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ገብተው «ምነው ኤድና! ቅዳሜ እጄን ስሰቅል አላየሽኝም? አንዷን ሚስት ሁለት ጊዜ አግባ ነው የምትሉኝ?» ብለው ጮኹ።

የሰኞው ድምፅ ማስታወቂያ እንደ ደንቡ በፖስታ ቤቱ በር ተለጥፎ ነበር። ወይዘሮ ኤድና ግን በዚህ አልተጽናኑም። «ለጠፍኩት እንጂ አልነገርኳቸውም» ብለው ጥፋቱን በራሳቸው ላይ አደረጉ። የከተማው አመራሮች ድጋሚ ድምፅ እንዲሰጥ ቀን እንዲቆርጡ ጠየቁ፤ ለሰኔ መጨረሻም ተቆረጠ። ከዚያ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ጉልበታቸው እያመማቸው፣ የታልቦትን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤቶች በሙሉ አንኳኩ። በእያንዳንዱ ደጅ ያሉት አንድ ነው፦ «ምን እንደምትመርጡ ልነግራችሁ አልመጣሁም። ቀኑን ልነግራችሁ ነው።»

ሰሌዳ የተተከለበትን የወንድማቸውንም ደጅ አልዘለሉም።

«ቀኑን አውቃለሁ፣ ኤድና» አለ አልደን።

«እወቅ። ዘለለችኝ እንዳትል ነው» ብለው ወደሚቀጥለው ቤት አለፉ።

በሰኔ መጨረሻ፣ የድርቆሽ አጨዳ በጦፈበት ወቅት፣ ገበሬው ትራክተሩን መንገድ ዳር እያቆመ ድምፅ ሊሰጥ ገባ። 203 ለ171 ሆነ። ትምህርት ቤቱ ዛሬም ክፍት ነው።

ወይዘሮ ኤድና በ2014 በጡረታ ተሰናበቱ። ባለቤታቸው በ2003 አርፈው ስለነበር የጡረታ ዘመናቸውን ከልጆቻቸውና ከአምስት የልጅ ልጆቻቸው ጋር አሳለፉ። በየዓመቱ በምስጋና በዓል ማዕድ ላይ የቱርክ ዶሮውን ከመቁረጣቸው በፊት ወደ አልደን ዞረው «ያንተ ወገን ግን እንዴት ተሸነፈ፣ አንተ?» ማለትን አልተዉም። ላለፉት ሁለት ዓመታት በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 9 ቀን 2024 በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት አረፉ። ሁለት ልጆችን፣ አምስት የልጅ ልጆችንና አንድ ወንድም ትተዋል።

ይህ ወንድማቸው በዚያ ሰኔ ከድምፅ መስጫው መጋረጃ ጀርባ ገብቶ በወረቀቱ ላይ ያጠቆረው «አዎ» የሚለውን ነበር። እህቱ ደጁ ድረስ መጥታ፣ ልትለምነው ስትችል ሳትለምነው መሄዷ አሸነፈው። ሰሌዳውን ግን በእልኸኝነት ስላልነቀለው እዚያው በሰበሰ፤ «አይሆንም» ብያለሁ እያለም ለአሥራ አራት ዓመት ዋሻቸው። ባለፈው ጥር አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ እውነቱን ሊነግራቸው አፉን ሲከፍት «ዝም በል፤ ደግሞ ስለ ግብር ልታወራ ነው» ብለው ሳቁ፤ እሱም አብሮ ስቆ ተወው። ዛሬ መላው ታልቦት እየሰማ ተናገረ። መስማት የሚገባቸው ግን እሳቸው ነበሩ።

እግዚአብሔር የእህታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ዘግይቶ ለተናገረውም ወንድማቸው ይቅርታውን አይንፈገው።