እማዬና የካሚዮኑ መንገድ

ውድ እህቴ ፋዲላ፣ አዳማ ላላችሁ ሁሉ ሰላምታችን ይድረሳችሁ፤ እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ሐጃችንን ፈጽመን ዛሬ ከጅዳ በካሚዮን ወደ መዲና ተነሳን። ንዴቴ ግን እስካሁን አልበረደም። ከሾፌሩ ጎን ለእማዬ የያዝኩትን ቦታ የጎረቤታችን ልጅ ደሊል «ወገቤን ያመኛል» ብሎ ተቀመጠበት፤ በዚያ በጎረምሳ ወገቡ። እሷም «ተዪው ልጄ» ብላ ከኋላ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ውሃዋን ለተሳፋሪው ስታድል «ለራስሽ ጠጪ እንጂ» ብዬ ጮህኩባት። «ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ» አለች። ካሚዮኑ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ወርደን ልንገፋ ስንል፣ ስትሞት ለከፈኗ እንዲሆናት በዘምዘም ውሃ ያጠበችውን አቡጀዲ ከጓዟ አውጥታ «አንቺ ያዢልኝ» አለችኝ። «የራስሽን ዕቃ ራስሽ ያዢ» ብዬ መለስኩላት። ደግማ ሰጠችኝ፤ ደግሜ መለስኩላት።

ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላም በዪልን፤ ዱዓችሁ አይለየን። የእማዬ መደብ ላይ ማንንም እንዳታስተኚ፤ ስንመለስ ትፈልገዋለች።

እህትሽ ዙለይካ