ከእማዬ ትራስ ስር የተገኘው እንቁላል

ወንድሜ፣
ሥራ ስለረፈደብኝ ሳልቀሰቅስህ ወጣሁ።

የእማዬን ትራስ ባነሳ፣ ጠዋት ጠዋት የምቀቅልላት እንቁላል ከነቅርፊቱ በስብሶ አገኘሁት። አጽድቼ ጣልኩት። እሱን ለመግዛት ብዬ ታክሲ ትቼ በእግሬ ነው የምሄደው።

አንተ «በልተሻል?» ትላታለህ፣ «በልቻለሁ» ትልሃለች፣ ከዚያ ወደ ስልክህ። መብላት አለመብላቷን የማታስታውስ ሴት ምን ብላ ትመልስልህ? ነርሷ «ካልበሉ መርሳቱ ይብስባቸዋል» ስትል አጠገቤ ቆመህ ነበር። ያስጠላል።

ድስቱ ውስጥ ሾርባ አለ፤ አሙቅላት። እስክትጨርስ አጠገቧ ተቀመጥ፣ አትጠይቃት፣ እያት።

ትናንት ስለጮህኩብህ
ተወው።

እንቁላሉን ለማን እንደደበቀችው ጠየቅኳት። ያንተን ስም ጠርታ «ልጄ ሳይበላ እንዳይተኛ ብዬ» አለች።
እኔን ግን «አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ።