ፒካፔ የማይችለው ተሳቢ

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ልቤ እስካሁን ቦታው አልተመለሰም። ቤተ ክርስቲያናችን ለወንጌል ጉዞ ያሠራችውን ባለ አልጋ ተሳቢ ዛሬ ፒካፔ ላይ አስሬ ከኮልፌ ወደ አስኮ ሞከርኩት። ገና ባዶውን ነው። እንደታሰረ የፒካፔ ኋላ ዝቅ፣ አፍንጫው ቀና አለ፤ መሪው እጄ ላይ ቀለለኝ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስይዝ ደግሞ ተሳቢው ከኋላ እየገፋ ከመንገድ ሊያስወጣኝ ነበር። የራሱ ፍሬን የለውማ! ቅዳሜ ፍራሹ፣ ምድጃውና ውሃው ሁሉ ተጭኖበት ወደ ጅማ ልንሄድ ነው። የጊቤን ቁልቁለት በዚህ?

በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ወደ ጋሽ ታደሰ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ይሄን የሚስበው ከባድ መኪና ነው። የኔ አይችለውም" አልኳቸው።

ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ። "ልጄ፣ እሁድ እኮ ጉባኤው በሙሉ መኪናህ ላይ እጁን ጭኖ ጸልዮበታል። አንተ እምነት ጨምር።"

ጸሎት ፍሬን አይሆንም ብላቸው እምነት የጎደለው ልባል ነው። እሁድ ሲጸለይ ደግሞ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ "አሜን" ያልኩት እኔው ነኝ።

ተስፋ ቆርጬ ቤት ስገባ እናቴ ሻንጣዋን በር ላይ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። ሌሎቹ ተጓዦች በአውቶቡስ ነው የሚሄዱት።

"እኔ ጋቢና ካንተ ጎን ነኝ" አለችኝ እየሳቀች። "ልጄ እየነዳ ምን እፈራለሁ? ጌታ በሰላም ያድርሰን!"

አንቺም በአውቶቡሱ ሂጂ ልላት ነበር።

"አሜን" አልኳት።