ሁለት ጊዜ የታረመው፣ አንድ ጊዜ የተነበበው ድርሰት

ለክቡር የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ድርሰት ኮርሶች ዝግጅትና ምዘና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ ወገብዎም ከወንበርዎ ጋር እንደተስማማ ታገኝዎ ዘንድ ምኞቴ ነው። እኔ ከእንቅልፍ በስተቀር የጎደለብኝ ነገር የለም፤ እሱንም ያጣሁት በራሴ ጥፋት ስለሆነ እርስዎን አላስቸግርም። ጉዳዬን በአካል ላስረዳ ቢሮዎ ደጋግሜ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ እጅግ ትሑት ሰው ናቸው፤ በመጣሁ ቁጥር ወንበር እየሳቡልኝ "ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ትንሽ አረፍ በይ" ይሉኛል። አረፍኩ፣ አረፍኩና በመጨረሻ እንዲህ ያለውን ረጅም ስብሰባ ከማቋርጥ በአደባባይ ብጽፍ ይሻላል አልኩ።

እኔ በሥርዎ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ እንግሊዝኛና ድርሰት የማስተምር፣ ዓመቱ ሲያልቅም በማረሚያ አዳራሽዎ ቀይ እስክሪብቶ የምይዝ መምህርት ነኝ። የምጽፍልዎ ስለ እህቴ ልጅ ነው። በዘንድሮው ማጠቃለያ ፈተና ለድርሰት ከተመደበው ሃያ ነጥብ አራት ብቻ አግኝታለች። በዚህ ውጤት በሚቀጥለው ዓመት የቋንቋ ክፍል መግባት አትችልም፤ የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜም በዚህ ሳምንት መጨረሻ ይዘጋል። ፊደል ከለየች ጀምሮ ከዚህ ክፍል ሌላ የተመኘችው ነገር ስለሌለ፣ በሩ ሲዘጋ ወዴት እንደምትዞር አላውቅም። ስለዚህ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፣ ስለ ማረሚያ ቁልፉ አመሰግናለሁ። ከእሱ በፊት ድርሰት ማረም ምን ያህል አድካሚ እንደነበር እርስዎ አይረሱትም፤ መምህሩ ልጁ ምን ሊል እንደፈለገ ማሰብ ነበረበት! ዛሬ ግን ምስጋና ለጽሕፈት ቤትዎ ይሁንና ሥራችን አምስት የማያያዣ ሐረጎችን መፈለግ ብቻ ሆኗል፤ "በመጀመሪያ ደረጃ" የሚለው አለ፣ "ከዚህም በተጨማሪ" አለ፣ "ለማጠቃለል ያህል" አለ፣ ምልክት ማድረግና ማለፍ ነው። ልጆቹም ብልጦች ናቸው። ዘንድሮ አንዱ አምስቱንም ሐረጎች በአማረ እንግሊዝኛ አከታትሎ ጻፋቸውና መሃላቸው ምንም ሳይጨምር ወረቀቱን ዘጋ። ቁልፉ በሚያዘው መሠረት አሥራ ሁለት ሰጠሁት፤ እሱ ወደ ቋንቋ ክፍል አልፏል፣ እንኳን ደስ አለው።

፪ኛ፣ ስለ ማረሚያ አዳራሹ ከዚህ ትንሽ ረዘም ያለ ምስጋና አለኝ። ከቅርጫት ኳስ ብረት በታች በተደረደሩ ጠረጴዛዎች ጎን ለጎን ተቀምጠን ስናርም፣ ተቆጣጣሪያችን የስፖርት መምህሩ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ በመሃላችን ይዘዋወራሉ። አንዳችን አንድ ወረቀት ላይ ዘግየት ካልን ከኋላ መጥተው "ኧረ ፍጠኑ እንጂ! ልብ ወለድ መሰላችሁ እንዴ የያዛችሁት?" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ልብ ወለድ ቢሆን ኖሮ ጸሐፊው ለምን በቅጡ አላነበባችሁልኝም ብሎ ይጠይቀን ነበር።

በመመሪያዎ መሠረት እያንዳንዱ ድርሰት በሁለት ሰው ይታረማል። የመጀመሪያው አራሚ ነጥቡን ጥግ ላይ ጽፎ፣ ጥጉን አጥፎ በስቴፕለር ያሽጋል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሳያይ የራሱን ይሰጣል። ሁለቱ ከተራራቁ ሦስተኛ ሰው ይጠራል፤ ከተቀራረቡ ውጤቱ ይጸናል፣ ቅሬታም አይቀበልም። እንዴት ያለ ጥንቃቄ ነው! ስቴፕለሩ ግን ሽቦ ከጨረሰ ዓመታት አልፈዋል። የታጠፈችው ጥግ ገና ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ብድግ ትላለች፤ ሁለተኛው አራሚም የተጻፈውን ያይና አንድ ጨምሮ ወይም አንድ ቀንሶ ያልፋል። እኩል እንዳይሰጥ ያፍራል፣ እንዳያራርቅ ደግሞ ሦስተኛ ሰው ተጠርቶ ምሳ ሰዓት እንዳያልፍበት ይፈራል። ይህን ሁላችንም እናደርገዋለን፤ እኔም በሁለተኛ አራሚነት በተቀመጥኩበት ጊዜ ሁሉ አድርጌዋለሁ፤ እንዲያውም እጄ የፈጠነ ነው ተብዬ ተመስግኛለሁ።

፫ኛ፣ አሁን ወደማፍርበት ልምጣ። የፈተናው ጥያቄ "አንድ ነገር ያስተማረህን ሰው ግለጽ" የሚል ነበር። ከተደረደረልኝ ክምር መሃል አንዱን ስገልጥ የእጅ ጽሑፉን አወቅሁት፤ የእህቴ ልጅ ወረቀት ነው። ተቆጣጣሪውን ጠርቼ "ይሄ የዘመድ ወረቀት ነው፣ ለሌላ ይሰጥልኝ" ማለት ነበረብኝ። ጎረቤቶቼ ቀና ብለው እንዳያዩኝ ብዬ ዝም አልኩና አነበብኩት።

ስለ እናቷ ነው የጻፈችው፣ ስለ እህቴ። እህቴ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ስልክ ተቀባይ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የደነገጠ ሰው ነው የሚደውልላት። ልጅቷ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ፣ ደዋዩ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር እናቷ ዝቅ እንደምታደርግ፣ በኋላም ደዋዩ ሳይታወቀው ተከትሏት እንደሚወርድ ጻፈች። በመጨረሻም "እናቴ እኔን ስትቆጣኝ ድምጿ አይሰማም፣ ስለዚህ ምን እንዳለች ለመስማት ጠጋ እላለሁ" ብላ አቆመች። ለማጠቃለል ያህል አላለችም። ከአምስቱ ሐረጎች አንዱም የለም።

አለቀስኩ ብልዎት ለታይታ ይመስላል፤ ግን ዓይኔን እስክጠርግ ድረስ ቆየሁ። ከዚያ ፊሽካው ሲቃረብ ሰማሁ። አድልታለች እንዳልባል፣ ስሜ እንዳይነሳ፣ ቁልፉን ከማንም ወረቀት ይልቅ በእሷ ላይ አጠበቅሁትና አራት ጻፍኩ። ለራሴም "ሁለተኛው አራሚ አንብቦ ያስተካክለዋል፣ ያን ጊዜ ሦስተኛ ሰው ይጠራል፣ እውነቱም ይወጣል" አልኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይህ ነው። ሁለተኛው አራሚ ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ አጠገቤ ነበር፤ ከፍጥነቱ የተነሣ ባቡሩ የምንለው መምህር ነው። ብድግ ያለችውን ጥግ አየ፣ አምስት ጻፈ፣ አለፈ። ደንብዎ ከሁለቱ ዝቅተኛው ይጽና ስለሚል አራቱ ጸና። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ለማንም ልጅ ያላደረግሁትን ባቡሩ ለእኔ ልጅ ያደርግልኛል ብዬ ጠበቅሁ። ባቡሩን አልወቅስም፤ እጁ እንደኔ እጅ ነው የፈጠነው።

፬ኛ፣ ለቅሬታ ክፍልዎም ምስጋናዬ ይድረስ። እህቴ ልጇን ይዛ በሄደች ጊዜ ወጣቱ ሠራተኛ በትዕግሥት አስረድቷታል፤ "እናቴ፣ ሁለት ሰው ተስማምቶበታል እኮ፣ እንዴት ይሳሳታል?" ብሏታል። እህቴ አመስግናው ወጣችና ወደ እኔ ደወለች። አልጮኸችም፤ "አንቺ እያለሽላት?" አለችኝ ብቻ።

፭ኛው አጭር ነው። ልጅቷ ጥፋቷን እንዳሳያት ለመነችኝ። "አክስቴ፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? ንገሪኝና ላሻሽል" አለች። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሐረጎቹን አስጠናኋት። ባለፈው እሑድ ያንኑ ርዕስ ደግማ ጽፋ አመጣችልኝ፤ "በመጀመሪያ ደረጃ እናቴ ጠቃሚ ሰው ናት። ከዚህም በተጨማሪ ሰዎችን ትረዳለች" ይላል፣ እንዲህ እያለ እስከ ታች። ስህተት የለውም። በቁልፍዎ ከታረመ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ ስለዚህ እንኳን ደስ አለን ክቡር ሆይ፣ ኮርሱ ግቡን መትቷል። ልጅቷ እንዴት ነው ብላ ፊቴን ስታይ ጎበዝ አልኳት። ከአራቱ ይልቅ ያቺ "ጎበዝ" ያልኳት ቃል ነች የምትከነክነኝ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉኝ ይሆናል፤ ይበሉኝ፣ ይገባኛል። የምጠይቀው ግን ምሕረት አይደለም። የዘመዴን ወረቀት ሳላሳውቅ አርሜያለሁ፤ ይህ ብቻ በራስዎ ደንብ ውጤቱን ያፈርሰዋል፣ እኔንም ከማረሚያ አዳራሹ ለዘለዓለም ያስወጣኛል። ሁለቱም እንዲፈጸም በትሕትና አመለክታለሁ፤ ሳምንቱ ሳይዘጋ ይሁንልኝ። አዲሱ አራሚ ማንም ይሁን፣ ብቻ ጥጉ ላይ ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት ይስጡት።

ስብሰባዎ በሰላም እንዲጠናቀቅ እየተመኘሁ፣ ቁልፍዎን እስከ ዛሬ በፍጹም ታማኝነት የጠበቅሁ፣ በዚያው ታማኝነት የገዛ እህቴን ልጅ ከደጅ ያስቀረሁ፣ ቀይ እስክሪብቶዬንም ከዚህ ጋር አባሪ አድርጌ የመለስኩ፣

አክባሪዎ
መምህርቷ

ግልባጭ፦
ለባቡሩ፤ ይህቺን እንኳ እስከ ታች ያንብባት

ማስታወሻ፦ ከእርስዎ ቀድማ ትስማ ብዬ ይህን ደብዳቤ ትናንት ለእህቴ አነበብኩላት። ስጨርስ በዝቅተኛ ድምፅ "ልጄ ስለኔ የጻፈችውን ሁሉንም በይልኝ" አለችኝ። ወረቀቱ እርስዎ ዘንድ ተቆልፎበታል፣ እኔም ያነበብኩት አንዴ ነው፤ ሆኖም ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ሳላስተጓጉል በቃሌ አወረድኩላት። ክቡር ሆይ፣ ሃያ ከሃያ ከሰጠኋቸው ድርሰቶች ግን የአንዱንም አንዲት መስመር አላስታውስም።