ስማቸው ሁሉ ክርያት

እሑድ

ዛሬም ያንኑ ነገር አነሳች። እማዬ ሻይዋን እያማሰለች፣ የጎረቤት ወሬ እንደምታወራ ሁሉ፣ «አባታችሁ መጥተው ነበር» አለች። «ልጆቹን የት አደረግሻቸው አሉኝ።»

አባዬ ሱዳን ነው የቀሩት። መጠለያው ዳር ቀበርናቸው፤ ምልክት የሚሆን ድንጋይ እንኳ አላቆምንም። ያኔ ሕፃን ነበርኩ፤ አሁን ፀጉሬ ሸብቷል።

«ታዲያ ምን አልሻቸው?»

«ሴቲቱ ክርያት ጋት፣ ወንዱ ቤርሼባ አልኳቸው። የት ነው እሱ ቢሉኝ እኔ መች አውቄው!»

እማዬ ክርያት ያም ብቻዋን ነው የምትኖረው። እኔ ሃይፋ፣ ሀዳር ሰፈር። ከአረጋውያን ቤት ሥራዬ ስወጣ በአውቶቡስ ሄጄ መድኃኒቷን እሰጣትና እመለሳለሁ። ዛሬ ስመለስ መስኮት ዳር መቀመጥ አልፈለግኩም።

ሰኞ

ከተሞቹን አስተምሪኝ አለችኝ። ለእሳቸው ልትነግራቸው።

ጠረጴዛው ላይ አገሩን ዘረጋሁላት። ላይ ብርጭቆ፣ ክርያት ሽሞና። እዚህ ማንኪያው፣ እኛ፤ ክርያት ያም፣ አጠገቡ ክርያት ቢያሊክ። ወደ ታች ክርያት ማላኪ። ጨው ያለበት ዕቃ የእህቴ የአልማዝ ከተማ፣ ክርያት ጋት። ከዚያ በታች ስኳሩ፣ የወንድሜ ቤርሼባ።

«ስማቸው ሁሉ ክርያት ነው እንዴ? እንግዳ ሰው ታዲያ በምን ይለያቸዋል?»

«ክርያት ከተማ ማለት ነው» ብዬ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

አገር ቤት የወንድሞቿ ቤቶች ጮክ ብለሽ ብትጣሪ የሚሰማባቸው ነበሩ። እዚህ ከመርከዝ ክሊታ፣ ከአዲስ ገቢዎች ማረፊያ፣ ስንወጣ ቤት በተገኘበት ተበተንን። እህቴ ወደ ደቡብ፣ እኛ ወደ ሰሜን። አገሩ ትንሽ ነው ይሉናል። መኪና ላለው።

«ከዚህ የሚርቀው የቱ ነው?» አለች።

«ቤርሼባ። ቀጥሎ ክርያት ጋት።»

ጨዉን በጣቷ ገፋ አደረገችው። «ባቡር ይሄዳል?»

«ይሄዳል።»

ማክሰኞ

ኩፓት ሆሊም፣ ጤና ጣቢያው፣ ወሰድኳት። ሐኪሙ ዕድሜ ነው አለ፤ ክኒን ጨመረላት። «ቤሰደር?» አለኝ፣ ደህና ነው እንደማለት። ቤሰደር አልኩት። ምን እላለሁ?

የሚያሳስቡኝ፦ ጋዙ። ደረጃው። ቁልፉን እውጭ በኩል ሰክታ መርሳቷ። ወንድሜ ስልክ አለማንሳቱ።

ሌላም አለ፤ እዚህ ደብተር ላይ ካልሆነ የትም አልናገረውም። ልወስዳት ስገባ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሻይ ተቀድቷል። አንዱ የእሷ። ሁለተኛው ቀዝቅዟል፤ ግን ጎድሏል። እሷው ፉት ብላለት ይሆናል። ደፍቼ ብርጭቆውን አጠብኩት። እጄንም ታጠብኩ።

ረቡዕ

ሥራ ላይ እያለሁ አባ ታከለ ደወሉ፤ የእማዬ የታች ፎቅ ጎረቤት ናቸው። «ልጄ፣ እናትሽ ነጠላቸውን ለብሰው ወጥተዋል መሰለኝ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።»

ሽርጤን ሳላወልቅ ሮጥኩ። ባሕሩ ዳር የለችም። ክርያት ቢያሊክ ገበያው ውስጥ የለችም። ለፖሊስ ስነግር ስንት ዓመቷ ነው አሉኝ፤ እኛ መች የልደት ቀን እናውቃለን።

ባቡር ጣቢያው ግድግዳ ላይ ካርታ አለ። ትልልቆቹ ከተሞች ከሃይፋ እስከ አሽዶድ ባሕሩን ይዘው እንደ ዶቃ ተሰክተዋል። ወደ ደቡብ ሲወርድ ይሳሳል፣ ነጥቡ ይራራቃል፣ ከዚያ ባዶ። ከነጥቦቹ በየትኛው ላይ እንዳለች ሳላውቅ ቆሜ አየሁት።

ከሰዓት በኋላ አልማዝ ደወለች። እያለቀሰች ነው። «እዚህ ናት! ክርያት ጋት ጣቢያ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ!»

አንዲት ወታደር፣ የእኛው አገር ልጅ፣ አብራት ተሳፍራ ኖሯል። ለአልማዝ ደውላ እስክትደርስ ከአጠገቧ አልተለየችም። እማዬ መንገዱን ሙሉ አጠገቧ ያለውን ወንበር ለማንም አልሰጥም ብላለች አለች ወታደሯ። ሊቀመጥ የመጣውን ሁሉ በአማርኛ «ሰው አለበት» እያለች።

እማዬ ዕብራይስጥ አታነብም። ባቡር እንዴት ለየች?

ሐሙስ

ክርያት ጋት ሄድኩ። እማዬ በአልማዝ ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት ትልጣለች። ፊቷ ወዝቷል። አልማዝ ሱቅ ስትወጣ ጠብቄ እማዬ ላይ ጮህኩ። «ምን ጎደለብሽ? ለምን እንዲህ ታደርጊኛለሽ?»

ቢላዋውን አስቀምጣ እጄን ያዘች።

«ሙት ዝም ብሎ ለመጠየቅ አይመጣም፣ ልጄ። አንቺን ነው የሚፈልጉት። ትንሿስ? ይሉኛል። እሽኮኮ አድርገው በረሃውን ያሻገሩት አንቺን ነው። ጫንቃዬ ባዶ ሆነ ይላሉ።»

ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ሃይፋ አላልኳቸውም። ያቺን ከተማ በአፌ አልጠራሁም። ግን ቅርብ ነሽ፤ በአንድ አውቶቡስ ይደረሳል። አንድ ቀን ስትገቢ ያገኙሻል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ይዣቸው ራቅኩ።»

«ወደ አልማዝ?»

«አልማዝን ምን ያደርጓታል? አልማዝ በእግሯ ነው የመጣች።»

አልማዝ ስትመለስ ሁለታችንም እያለቀስን ነበር። ምን ሆናችሁ አለች። ሽንኩርቱ ነው አልናት። እማዬ እዚሁ እንድትቆይ ተስማማን። ስለያት እስከ በር ሸኝታኝ ጆሮዬ ላይ፣ «መንገድ ላይ ወደ ኋላ አትዪ» አለች።

አላየሁም።

ዓርብ

ክርያት ያም ሄጄ ጋዙን ዘጋሁ፣ መስኮቶቹን ቆለፍኩ፣ ልብሷን በከረጢት ያዝኩ። አባ ታከለ ቁልፉን ተቀበሉኝ። አሁን ቤቴ ነኝ። ሰንበት ሊገባ ትንሽ ነው የቀረው፤ ቶሎ ቶሎ እጽፋለሁ።

አልማዝ ደውላ ነበር። በልታለች፣ ተኝታለች፣ ከልጆቹ ጋር ስቃለች።

«አባዬስ?» አልኩ።

«ዛሬ አልመጡም አለች! ከጠዋት ጀምሮ የሉም። ተገላገልን እኮ።»

ተመስገን አልኩ። አልማዝ ዘጋች። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ።

እዚያ ከሌሉ የት ሄዱ?

መፍራት ነበረብኝ። እፈራለሁም። ግን ከትናንት ጀምሮ አንድ ነገር ትዝ እያለኝ ነው፦ የአንገታቸው ላብ፣ ፀጉራቸው ውስጥ የገባው አቧራ፣ ግንባራቸውን በሁለት እጄ ይዤ ከላይ የማየው መንገድ። መልካቸውን አላስታውስም። ከላይ ነዋ የማያቸው።

ተነስቼ በሩን መቆለፍ አለብኝ። እስካሁን አልተነሳሁም።