ሰባት ቤት ቫግነር

ለአንሙቴ፣ ለልጄ አባት፤

ስምህ አንሙት ሆኖ ጥለኸኝ ከሄድክ ሁለት ክረምት አለፈ። አልተቀየምኩህም፤ ስሙን ያወጡልህ እናትህ እንጂ አንተ አይደለህ። እኔ ደህና ነኝ። ጣራው ተጠግኗል። የሠራሃትን የመጨረሻዋን ጋሪ ዶሮዎቹ ማደሪያ አድርገዋት ነበር፤ አሁን ተፈናቅለዋል። ምክንያቱን ልንገርህ።

ልጃችንን የኔነሽን ዳርናት። ባሏ ዮናስ ይባላል፤ ጀርመን ነው፤ እንጅባራ ሥራ ላይ ተገናኙ። አማርኛ ይሞክራል፣ ሚጥሚጣም ይሞክራል፤ አማርኛው ይሻለዋል።

ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ አያ ታከለ፣ መቼም ታውቃቸዋለህ፣ ዘር ሳይቆጠር ልጅ አይሰጥም አሉና ሰባት ቤት ቁጠር አሉት። አባትህ ቢሉት ቫግነር። አያትህ ቢሉት ቫግነር። በጣቱ እያጠፈ ሰባቱንም ቫግነር አላቸው። አያ ታከለ የሚያፌዝባቸው መስሏቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ሊነሱ ሆነ። የኔነሽ ጓዳ ሆና ጥፍሯን ትበላለች፤ እኔማ ሠርጉ ቀረ ብዬ ነበር።

ዮናስ ላብ በላብ ሆኖ አስረዳ። ዱሮ በእነሱ አገር ሰው በሙያው ይጠራ ነበር አለ። ጋሪ በቋንቋቸው ቫገን ነው፤ ጋሪ ሠሪው ቫግነር ተባለ፤ ከዚያ ልጁ ሠራም አልሠራም ስሙን እንደ ርስት ይወርሳል። ባለ ወፍጮውም እንዲሁ ሙለር ሆኖ ቀረ። እኔ እልል ልል ስል አያ ታከለ ይባስ ፊታቸውን አጠቆሩ። እሷ የጋሪ ሠሪ ልጅ፣ እሱ የጋሪ ሠሪ ዘር፤ እነዚህ ዘመዳሞች ናቸው አይሉም መሰለህ!

ይኼኔ ዝም ማለት አቃተኝ።

«አያ ታከለ፣ ከአንሙት ዘር ከዳንግላ ወጥቶ ባሕር ዳር ያደረ እንኳ የለም። ጀርመን በምን ደረሰ፣ በጋሪ?»

ሽማግሌው ሁሉ ሳቀ። በኋላ እሳቸውም ሳቁና መረቁ።

ሙሽሪትን ባንተው ጋሪ አወጣናት። ገበያው አጠገብ ስንደርስ ጎማዋ ወለቀ። አገሬው ዞሮ ዮናስን አየ፤ ሰባት ቤት ጋሪ ሠሪ ነዋ። እሱ ስልኩን አውጥቶ ጎማ እንዴት እንደሚገጠም ይፈልጋል፤ ኔትወርክ የለም። እኔ የሙሽራ እናት ቀሚሴን ሰብስቤ ቁጢጥ አልኩ። ጎረምሶቹ ጋሪዋን አነሱልኝ፤ መፍቻህን ከመቀመጫው ሥር አውጥቼ፣ አንተ እንዳሳየኸኝ ጎማዋን መልሼ ብሎኑን አጠበቅሁት።

ከዚያ ወዲህ ገበያ ስወጣ ቫግነር መጣች ይሉኛል። ለዮናስ ብነግረው፣ ስሙ ለእርስዎ ይገባል ብሎ ፈቀደልኝ።

እኔ ግን አንሙቴ፣ በምንም ቢጠሩኝ ያንተው ነኝ። መፍቻህን ለማንም አላውስም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎማዋን ግራሶ እቀባታለሁ፤ እጄ ግራሶ ሲሸት ከሥራ የገባህ ይመስለኛል። አቅም እስካለኝ እቀባታለሁ።

ያንተዋ አትጠገብ